የአንጎልን ምስጢር ከደም ማንበብ ይቻላልን?

የፀሐይን እምብርት ያየ ሰው የለም። እኛ የፊዚክስ ሰዎች የውስጧን ሙቀት የምንናገረው ወደ ውጪ ከሚደርሰን ብርሃንና ከገጿ ንዝረት ተነሥተን ነው። የሕያው ሰው አንጎልም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ነበር። ስለዚህ የስኪዞፍሬኒያ ተመራማሪዎች ከውጪ የሚነበብ ምልክት ሲፈልጉ ከደም ውስጥ አገኙት።

ከአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ፣ የጡት ወተት እንዲመነጭ የሚያደርገውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ታመርታለች። ከበላይዋ ካለው ሃይፖታላመስ የሚወርደው ዶፓሚን ደግሞ እንደ ልጓም ይይዛታል። ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል የዶፓሚንን ተቀባዮች ሲዘጉ ልጓሙ ይላላል፤ ፕሮላክቲንም በደም ውስጥ ይጨምራል። አርቪድ ካርልሰንና ማርጊት ሊንድቅቪስት እ.ኤ.አ. በ1963 ከአይጦች ሙከራ ተነሥተው የገመቱት የተቀባዮች መዘጋት በዚህ መንገድ በሰው ደም ታየ። ውብ ማስረጃ ነው።

ብዙዎች ግን ከዚህ አልፈው በሽታውንም ከሆርሞን ለማንበብ ሞከሩ። ዶፓሚንን የሚመስለው አፖሞርፊን ለሕሙማን እየተሰጠ የዕድገት ሆርሞን ምላሻቸው ተለካ፤ ውጤቱ ግን ከጥናት ጥናት ተለያየ። በእኔ እምነት ችግሩ ከመለኪያው ሳይሆን ከመስኮቱ ነው። ወደ ፒቱታሪ የሚወርደው የዶፓሚን መስመር፣ ከሕመሙ ጋር ይበልጥ ከሚያያዘውና በአንጎል ጥልቀት ከሚገኘው ስትራያተም ከሚባለው ክፍል የተለየ ነው። በሳሎን መስኮት አጮልቆ ስለ ጓዳ መመስከር አይቻልም። ክሎዛፒን ሌላው መድኃኒት ያልረዳቸውን ሕሙማን ይረዳል፤ ፕሮላክቲንን ግን እምብዛም አይጨምርም። ጓዳው በመጠኑ የታየው በ1990ዎቹ፣ ፖዚትሮን በሚለቅቁ ንጥረ ነገሮች አንጎልን በማንሣት ነው። (ፖዚትሮን የፊዚክስ ልጅ ነውና ጥቂት ብኮራ አይፈረድብኝም።) በስትራያተም የዶፓሚን ምርትና ልቀት በሕሙማን ዘንድ በአማካይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህም ቢሆን የቡድን አማካይ እንጂ አንድን ግለሰብ የሚመረምሩበት አይደለም።

ታዲያ የፕሮላክቲን ልኬት ከንቱ ነውን? አይደለም። ለተመራማሪው ፍንጭ የሆነው ቁጥር ለታማሚዋ የወር አበባ መቋረጥ፣ ሳይወልዱም ወተት መፍሰስ ነው፤ ለወንዱም የፍትወት መጥፋት። ብዙዎች አፍረው ይደብቁታል፤ አንዳንዶች ለማንም ሳይናገሩ መድኃኒቱን ሲያቆሙ ሕመሙ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ ወይም ፕሮላክቲንን እምብዛም ወደማይጨምር መድኃኒት መለወጥ ይችላል፤ ለዚህ ግን አስቀድሞ ሊጠይቃት ይገባል።