«ማሽኑ ይታገድ» ለሚሉ ጎረቤቶች የተሰጠ መልስ



በግቢ ውስጥ የሚሠሩ የእንጨት ሥራ ማሽኖች፣ በተለይም በአንድ ሞተር መጋዙንም መላጊያውንም መሰርሰሪያውንም የሚያዞሩት፣ ጨርሰው እንዲታገዱ የሚጠይቅ ጽሑፍ ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሁላችንም አንብበነዋል። ጸሐፊው ሦስት ክስ አቅርበዋል። ማሽኑ ሲነሳ የየቤቱ አምፖል ይደበዝዛል፤ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል፤ ጣት ይቆርጣል። ሦስቱም እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ከእውነት ተነስቶ የተሳሳተ ፍርድ ላይ መድረስ ይቻላል፤ እሳቸውም የደረሱት እዚያው ነው። ክሱ መቅረብ ያለበት በማሽኑ ላይ ሳይሆን ሳያስተካክል በሚያስነሳው ሰው ላይ ነው። ከተከሳሾቹም አንዱ እኔ ነኝ።

«አንድ ሞተር ለብዙ ሥራ መዋሉ ራሱ አደጋ ነው» ይላል ጽሑፉ። ኧረ ይህ ከየት የመጣ ነው? አሜሪካ ውስጥ ሐንስ ጎልድሽሚት የተባለ ሰው የፈጠረው፣ በ1947 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ሾፕስሚዝ የሚባል ማሽን በአንድ ሞተር መጋዝ፣ ቶርኖ፣ መሰርሰሪያና የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ያዞራል። የተሠራውም ለፋብሪካ ሳይሆን ለመኖሪያ ቤት ነው። ሰው የሚያማርርበት ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ለመቀየር ጊዜ መውሰዱን ነው። የእኛም በሽታ እዚያ ላይ ነው፤ ያንን ጊዜ አንሰጠውም። እንጂማ አንዲት ክፍል ብቻ ላለችው፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱን ሞተር ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም።

አምፖሉ ለምን ይደበዝዛል? ባለ ሦስት ፈረስ ጉልበት የ220 ቮልት ሞተር በሥራ ላይ 15 አምፔር ግድም ይስባል፤ በሚነሳበት ቅጽበት ግን የዚያን አምስትና ስድስት እጥፍ ይጎትታል። ይህንን ሞተር ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ፣ ያውም ተጠቅልሎ በተቀመጠ ማራዘሚያ ማስነሳት ምን ይባላል? ሽቦው ይግላል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል። ቮልቴጁ አሥር በመቶ ሲወርድ የሞተሩ የማዞር ጉልበት ሃያ በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ሞተሩም ያጓራል፣ ይበልጥ ይስባል፣ በመጨረሻ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ባልቦላው ሲወድቅበት በመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ የሚያሠራም አለ። ይህ ሰው የራሱን ቤት ብቻ አይደለም ለእሳት ያዘጋጀው፤ ግድግዳ የሚጋራውን ጎረቤትም ጭምር ነው። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር በወፍራም ሽቦ፣ ከነባልቦላውና ከመሬት ሽቦው፣ በባለሙያ ማስዘርጋት ግዴታው ነው። ሞተሩም ባዶውን ይነሳ፤ እንጨት የሚቀርብለት ሙሉ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድም በሥራ ላይ ከዚህ ሞተር ያላነሰ ኃይል ይስባል። ምጣድ ይታገድ ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ግድግዳው ስለመንቀጥቀጡ ለባለማሽኖች አላዝንም። ከምናለሽ ተራ የተገኘ ቀዳዳው የሰፋ ፑሌጃ በቆርቆሮ ቁራጭ አጥብቆ ማሠር፣ ቡሎኑ ሲላላ ድንጋይ ደግፎ ማሠራት ልማድ ሆኗል። የሞተሩና የመጋዙ ፑሌጃ በአንድ መስመር ካልቆሙ ቺንጋው በጎኑ ይፋተጋል፣ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ሠፈሩን ያንጫጫል። ይህን ለማወቅ ክር ይበቃል፤ ስፋታቸው እኩል በሆኑ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ክር ሲወጠር አራቱንም ጠርዝ መንካት አለበት። በሁለቱ መካከል ግማሽ ሜትር ርቀት ካለ ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ቢል ደህና ነው።

ፍጥነቱንም የሚያሰላ የለም። በደቂቃ 2,850 ጊዜ በሚዞር ሞተር ላይ የ10 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ፣ መጋዙ ላይ የ7 ሳንቲ ሜትር ቢኖር ዲስኩ በደቂቃ ከ4,000 ዙር ጥቂት ያልፋል። «ይፍጠንልኝ» ብሎ የሞተሩን በ15 ሳንቲ ሜትር የቀየረ ሰው ዲስኩን ከ6,000 በላይ አስኪዶታል። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዙር ማን አነበበው? እንዲሁም ለመጋዝ በተሠራው ፍጥነት ቶርኖ ላይ ወፍራም ጉቶ አስሮ ማስነሳት ጉቶውን እንደ መድፍ ጥይት መተኮስ ነው።

አሁን ወደ ጣቱ። እንጨቱ ተደግፎ የሚሄድበት መሪ ብረት ከዲስኩ ጋር እኩል ካልሄደ፣ በተለይ ከኋላ ከጠበበ፣ እንጨቱ ይያዛል፤ የኋላ ጥርሶች አንስተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። እጅም አብሮ ይጎተታል። ባሕር ዛፍ ሲሆን ይብሳል፤ በውስጡ ያለው ውጥረት ሲሰነጠቅ ተመልሶ ዲስኩን ይቆነጥጣል። ከዲስኩ ጀርባ የምትቆመው ቀጭን ብረት የተሠራችው ይህን ለመከላከል ነው፤ ከጥርሶቹ ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ርቃ መቆም አለባት። እኛስ? «ለሥራ አትመችም» ብለን ፈትተን ጥለናታል።

ከሁለት ዓመት በፊት ከመላጊያ ወደ መጋዝ ቀይሬ፣ ቸኩዬ፣ መሪውን በዓይኔ ብቻ አይቼ አስነሳሁ። የባሕር ዛፉ ቁራጭ በጎኔ አልፎ የጎረቤቴን የኩሽና ቆርቆሮ በሳው። እትዬ ቡና እያፈሉ ነበር። «እግዜር ነው ያወጣህ ልጄ» ብለው ቡና አጠጡኝ። አለመለካቴን ግን አልነገርኳቸውም። በኋላ ስለካው ከኋላ በኩል ሁለት ሚሊ ሜትር ጠቦ አገኘሁት። ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ እነግራቸዋለሁ።

የሚለካውም እንዲህ ነው። ማሽኑ ከሶኬት ይነቀላል። በዲስኩ አንድ ጥርስ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግና ወደ ፊት ተዙሮ ከመሪው ያለው ርቀት ይለካል፤ ያው ጥርስ ወደ ኋላ ተዙሮ እንደገና ይለካል። ልዩነቱ ከአንድ ወረቀት ውፍረት መብለጥ የለበትም። ዲስኩ ከጠረጴዛው ጋር ቀጥ ማለቱ በስኳድራ ይታያል። መላጊያው ከሆነ ደግሞ የኋላው ጠረጴዛ ከቢላዋዎቹ ጫፍ እኩል መሆን አለበት፤ ዝቅ ካለ የእንጨቱ መጨረሻ ይጎደጉዳል፣ ከፍ ካለ እንጨቱ ተደናቅፎ ይቆማል። ይህ ሁሉ ሥራ በተቀየረ ቁጥር መደገም አለበት፤ ትናንት ልክ ነበረ ማለት ዛሬ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ለአጋጅ ጎረቤቴ የምለው ይህ ነው። ማሽኑ ቢታገድ ሥራው አይቆምም፤ በር ተዘግቶ፣ በሌሊት፣ በዚያው በቀጭኑ ሽቦ ይቀጥላል። የእድራችን አግዳሚ ወንበር ሲሰበር የት እንደሚጠገን ደግሞ እሳቸውም ያውቃሉ። ይልቅ ማኅበሩ ይህን ይወስን፦ የራሱ መስመርና ባልቦላ የሌለው ማሽን አይነሳ፤ ከዲስኩ ጀርባ ያለችው ብረት የሌለችበት መጋዝ አይሥራ፤ ምጣድ በሚበዛበት ሰዓትና ከመሸ በኋላ ሞተር ይቁም። ይህን የማይቀበል ባለማሽን ካለ፣ የእሱን ማሽን ለማሳገድ ከእሳቸው ጋር እኔም እፈርማለሁ።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከእኔ ግቢ ጀምረን ቤት ለቤት እንለካ። ጸሐፊውም ቢመጡ ደስ ይለኛል። ክሩን፣ ስኳድራውንና እርሳሱን እኔ አመጣለሁ።

ከሠፈሩ ባለማሽኖች አንዱ