አይጡ ከልጆች ምሳ ጎን

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለዓመታት በዘለቀ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ከ800 በላይ ሰዎች ታመዋል፤ ምንጩ ለቤት እባብ ቀለብ የሚሸጥ፣ በረዶ የሠራ አይጥ ነበር። ብዙ እባብ አርቢ ግን «ብርድ ጀርም ይገድላል» ብሎ አይጡን ፍሪዘር ውስጥ ከልጆች ምሳ ጎን ያስቀምጠዋል፤ ብርዱ ባክቴሪያውን ያስተኛዋል እንጂ አይጨርሰውም። የባሰው በረዶውን በማይክሮዌቭ ማስለቀቅ ነው፤ አንዱን ጎን ያበስላል፣ ሌላውን በረዶ ይተዋል፣ አንዳንዴም አይጡን ያፈነዳዋል (ከዚያ በኋላ እዚያው ወተት የሚያሞቅ ሰው ጀግና ነው)። የሚሻለው አይጡን በታሸገ ላስቲክ፣ ከሰው ምግብ አርቆ፣ በረዶውን ቀስ ብሎ ማስለቀቅ ነው። ሙቀትን በከንፈሩ ጉድጓዶች ለሚለየው ቦል ፓይተን ለተባለው እባብ ደግሞ ከማቅረብ በፊት ላስቲኩን ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ መንከር ይበጃል፤ ሳህኑና መቆንጠጫው ለዚሁ ብቻ ይለዩ፣ የተረፈው ይጣል እንጂ ተመልሶ ፍሪዘር አይግባ።