«ጁኒየር» እና ባሕር ማዶ የሚጠፋው የአባት ስም

አሜሪካ ውስጥ አንድ አባት ሙሉ ስሙን እንዳለ ለወንድ ልጁ ሲሰጥ፣ ሁለቱን ለመለየት በልጁ ስም መጨረሻ ላይ «ጁኒየር» የሚል ቅጥያ ይገባል። ልጁም በተራው ያንኑ ስም ለልጁ ካወረሰ «ሦስተኛው» ይባላል። የጆ ባይደን ሙሉ ስም ጆሴፍ ሮቢኔት ባይደን ጁኒየር ነው፤ የሞተው የበኩር ልጃቸው ቦ ደግሞ ሦስተኛው ነበር። ባራክ ኦባማም በልደት ሰነዳቸው ላይ «ሁለተኛው» ናቸው። ልጅየው ጆርጅ ቡሽ ግን ጁኒየር አይደሉም፤ በአባታቸው ስም ውስጥ ያለው «ኸርበርት» በእሳቸው ስም ውስጥ የለም።

ይህ ልማድ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ ነው። ካሳ ልጁን ካሳ ቢለው፣ ልጁ «ካሳ ካሳ» ሊባል ነው። ታዲያ አሜሪካውያንን ምን አስፈለጋቸው? ምክንያቱ ቀላል ነው። ጆን ስሚዝ ልጁን ሮበርት ቢለው፣ ልጁ ሮበርት ስሚዝ ይሆናል። «ስሚዝ» የዘሩ ሁሉ ስም ነው፤ የአባትየው የግል ስም፣ «ጆን»፣ በልጁ ላይ የለም። ያንን ማስቀረት የፈለገ አባት ራሱን ስሙን መድገም ነበረበት።

በኢትዮጵያ ልማድ ይህ ችግር የለም። ልጅ የራሱ ስም ይወጣለታል፤ የአባቱ ስም ይከተላል፤ ወንድ ሴት አይልም። ጁኒየር ግን በልማድ የወንድ ልጅ ብቻ ነው። «ዳግማዊ»ም ቢሆን የዙፋን ቁጥር እንጂ የአባትና የልጅ አይደለም፤ የዳግማዊ ምኒልክ አባት ንጉሥ ኃይለ መለኮት ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን በልማዱ ቀጠለ፤ ድንጋጌው ወረቀት ላይ ቀረ።

ሕጉ ያልቻለውን ግን የባሕር ማዶ ቅጽ እያደረገው ነው። ሰለሞን ተፈራ የሚባል ሰው አሜሪካ ሄዶ ልጅ ወለደ እንበል። ልጁን ናሆም አለው። ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ «ተፈራ» ተጻፈ፤ ልጁም ናሆም ተፈራ ሆነ። አገር ቤት ያለ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ናሆምን የሰለሞን ወንድም ያደርገዋል። አያት በስም ሲቀጥል፣ አባት በአንድ ትውልድ ጠፋ።

ይህን ክፍተት በጁኒየር መሙላት የሚያምረው አባት ይኖራል። ልማዱ ፍቅር የለበትም አይባልም፤ በባርነት ዘመን በልጆቻቸው ላይ መብት የተነፈጉ ጥቁር አባቶች ስማቸው በልጃቸው ላይ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነበር። ዋጋ ግን አለው። የአባት ዕዳና የፍርድ ቤት መጥሪያ በስም መመሳሰል ልጅ ላይ ይለጠፋል። ማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየር ሲወለድ እንደ አባቱ ማይክል ነበር፤ አባትየው ስሙን ሲቀይር የልጁም አብሮ ተቀየረ። ከሁሉም በላይ ልጁ የራሱ ስም አይኖረውም። ምትኩ፣ ስንታየሁ፣ ደስታ የሚሉ ስሞች ልጁ ሲወለድ ቤቱ ምን ላይ እንደነበር ይናገራሉ። የተደገመ ስም ይህን አይናገርም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመካከለኛ ስም ቦታ። ናሆም ሰለሞን ተፈራ ቢባል ቅጹም አይጣላም፣ የአገር ቤቱ ቅደም ተከተልም አይፈርስም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ወላጆች «ሰለሞን»ን የመጨረሻ ስም ማድረግም ይችላሉ፤ ያኔ ግን የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም ስለሚለያይ ትምህርት ቤትና አየር ማረፊያ ጥያቄ ሊበዛ ይችላል።

ቅጹ የሚቀርበው እናት ገና ከአልጋ ሳትነሳ፣ አባት እንቅልፍ ባጣበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ስለ ሦስቱም ስሞች መነጋገር ያለባቸው ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ነው።