ምስክር የሌለው ዜማ

በዓል በመጣ ቁጥር ከጥናት ሰዓታቸው ቀንሰው፣ ያለ አንዳች ክፍያ የሚዘምሩልን ጓደኞቻችን ምስጋና ይገባቸዋል። አዳራሹ ይሞላል፤ ጭብጨባውም ይደምቃል። ይሁን እንጂ በዝግጅቱ ወረቀት ላይ «የቅዱስ ያሬድ ዜማ» ተብሎ ሲጻፍ ማኅበራችን አንድ ጥያቄ ማንሳት ግዴታው ነው። ይህን ዜማ ከማን ተማርነው? ማንስ መሰከረልን?

ጥያቄው ለእኛ እንግዳ ቢመስልም ለድጓ ተማሪ እንግዳ አይደለም። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በሌላ ደብር ለዓመታት የተማረ ሰው እዚያ ሄዶ በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ ሲበቃም ይመሰከርለታል። ጎረቤቷ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። ለአቋቋም ደግሞ ወደ ጎንደር በአታ ይኬዳል። እኛ ፋኩልቲ የምንለውን አባቶቻችን በየደብሩ አከፋፍለው አስቀምጠውታል ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ዜማው ምልክት አለው፤ መጽሐፉን አይተን ብንዘምር አይበቃምን?» ይሉ ይሆናል። መልሳችን አይበቃም ነው። ምልክቱን በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይነገራል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት፣ እንዲሁም ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ትንንሽ ፊደላት፣ ዜማውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ናቸው እንጂ ለማያውቀው መምህር አይሆኑም። ኬይ ሸለመይ፣ ፒተር ጀፍሪና ኢንግሪድ ሞንሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ጥናትም ይህ ዜማ በጽሑፍና በቃል አብሮ የሚተላለፍ መሆኑን ያስረዳል። ጽሑፉን ይዞ ቃሉን የተወ ሰው እኩሌታውን ትቷል።

ከዚህም ሌላ ስልቱ አንድ ብቻ አይደለም። የቤተ ልሔም አለ፣ የቆማ አለ፣ የአጫብር አለ፤ በሰፊው የሚዜመው የቤተ ልሔሙ ነው። የእኛ መዘምራን የሚያሰሙን የየትኛው ስልት ነው? በግዕዝ ነው፣ በዕዝል ነው ወይስ በአራራይ? የዝግጅቱ ወረቀት ይህን አይነግረንም።

ሌሎች ደግሞ «ማኅሌት ጸሎት ነው፤ ወደ አዳራሽ መውጣት የለበትም» ይላሉ። ቁም ነገር አላቸው። በማኅሌት ካህናቱ ቀኝና ግራ ሆነው እየተቀባበሉ፣ ከቁም ዜማ ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድና ጽፋት ሲያልፉ ተመልካች የሚባል የለም፤ ሕዝቡ አብሮ ጸሎተኛ ነው። እኛ ግን ዜማው በአዳራሽ አይሰማ አንልም፤ ሲሰማ ከባለቤቱ ይሁን እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1963 ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን ራሳቸውን ነበር የሰበሰበው። መንዙማም ወደ መድረካችን በሚመጣበት ጊዜ ደንቡ ይኸው መሆን አለበት።

ቶማስ ፓክናም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ በቤተ ልሔም በክብ የሣር ክዳን ሥር ተሸሽጎ ያገኘውን ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ለዓለም አስታወቀ። ለውጭ ሰው ግኝት የሆነው ለአገሩ ሰው የዘወትር መሳለሚያው ነበር። ዜማውንም ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያገኝልን መጠበቅ ያሳፍራል።

ስለዚህ ለመዘምራኑ ኮሚቴ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በቤተ ልሔም የተመሰከረለት መሪጌታ ተጋብዞ ያስተምር፤ እንደ ማንኛውም መምህርም ይከፈለው። ሁለተኛ፣ ስልቱ፣ የዜማው ዓይነትና የመምህሩ ስም በዝግጅቱ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ከዝግጅቱ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ድርሻ ለድጓ ተማሪዎች ይላክ፤ ቁራሽ እየለመነ፣ በቆሎና በደበሎ የተማረ ተማሪ ነውና ይህን ዜማ ለእኛ ያደረሰው።

መዝሙረኛው በአንድ ክረምት የድጓ ሊቅ ይሁን አላልንም። አንዲት ዜማ እንኳ ብትሆን ከመምህር አፍ ተቀብሎ፣ ታርሞ ይዘምር ነው ያልነው። ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባው ተነጋግሮበት መልሱን በዚሁ ጋዜጣ እንዲያስታውቀን እንጠይቃለን።