የወላጅ ቤት በዋስትና

ስለ ሥራ ፈጣሪዎች ጭንቀት ሲወራ ምክሩ ሁሉ ወደ ጽናት ያዘነብላል። ይህ ጽሑፍ ግን የጭንቀቱን ምንጭ ከብድር ውሉ ውስጥ ይፈልጋል። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ባንክ ቤት ሲደረስ ግን የሚጠየቀው የቤት ካርታ ነው፣ ብዙ ጊዜም የወላጅ። ስለዚህ ድርጅቱ ሲከስር ቤተሰቡም መጠለያውን ሊያጣ ይችላል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲያሻቅብ፣ ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣን አምራች ጽናቱ ብቻውን ከዕዳ አያወጣውም።

ባንኮች የአስቀማጮችን ገንዘብ በአደራ ስለያዙ ያለ ዋስትና ያበድሩ አንልም። ነገር ግን ማሽንም ሆነ ተሰብሳቢ ሂሳብ በዋስትና እንዲያዝ የሚፈቅድ አዋጅ ከ2011 ጀምሮ አለ፤ ባንኮቹ ይጠቀሙበት።