የዓመቱን ምርጥ አልበም የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋቹን ጠይቁት

ጳጉሜ ሲደርስ «የዓመቱ ምርጥ አልበሞች» ዝርዝር ይጎርፋል። ኤፍኤሙ ያወጣል፣ ዩቲዩበሩ ያወጣል፣ ቴሌግራም ላይ ድምፅ ይሰጣል። አብዛኛውን የሚያወጣው አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ነው። ከነዚህ መራጮች መሀል አልበሙን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው የሰማው ስንቱ ይሆን? ክሊፕ የተሠራላቸውን ሁለት ዘፈኖች ሰምቶ «ምርጥ አልበም» ማለት ለምዶብናል።

እኔ የምፈልገው የሌላ ሰው ዝርዝር ነው፤ ጭሮ፣ ሂርና፣ በዴሳና ገለምሶ እየዞረ ሰርግ የሚሠራ ኪቦርድ ተጫዋች ዝርዝር። ይሄ ሰው አዲስ አልበም ሲወጣ መስማት ብቻ አይበቃውም፤ በጆሮው ይዞ በጣቱ ማውጣት አለበት። የትኛው ዘፈን እንደሚጠየቅ ስለማያውቅ ሁሉንም ያጠናል። አንድ ድንኳን ውስጥ ኦሮምኛም አማርኛም ይጠየቃል። ሸጎዬ ሲጠየቅ ደግሞ «አልችልም» ማለት ሐረርጌ ውስጥ እንጀራ ያሳጣል።

ኢኮኖሚክስ ሲያስተምሩን የሰውን ምርጫ ከአፉ ሳይሆን ከኪሱ እወቁ ይሉን ነበር። በሙዚቃ ግን ኪሱን የምናይበት መንገድ የለንም። በ2009 የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ አገር ሙሉ ጉድ አለ። የቆጠረልን ግን የሰው አገር ነው። እዚህ ጭሮ መኪና ውስጥ የሚሰማው ሁሉ በፍላሽና በሚሞሪ ከሱቅ የተጫነ ነው፤ ሱቁ የሚያስከፍለው ለመጫኑ እንጂ ለዘፈኑ አይደለም። የዩቲዩብ ዕይታ ብትሉኝ እሱም የሚቆጥረው ነጠላ ዘፈን ነው። (ሙሉ አልበም ሳይቋረጥ የሚሰማበት ቦታ ካለ በርጫ ነው። ግን ምርቃና ላይ ያለ ሰው የሰጠውን ድምፅ እኔ አልቆጥርም።)

ሰርግ ላይ ግን ኪሱ ይታያል። ዘፈኑ የነካው ሰው ተነስቶ ብር ግንባር ላይ ይለጥፋል፤ ያልነካው ቁጭ ብሎ ለስላሳውን ይጠጣል። ተጫዋቹ ማታ ብሩን ሲቆጥር የትኛው ዘፈን ላይ እንደመጣ ያውቃል። ከዚህ የተሻለ የገበያ ጥናት አላየሁም።

ችግሩ ብሩ እዚያው ማለቁ ነው። ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የሠራው ሰው ምንም አይደርሰውም። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ሥራን ለሕዝብ ማቅረብ የባለቤቱ መብት ነው ይላል፤ ማሻሻያው ቁጥር 872/2007 ደግሞ ሮያሊቲ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ አስቀምጧል። ሰርግ «ለሕዝብ ማቅረብ» ነው አይደለም የሚለውን የሕግ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔ የማውቀው ሆቴሉም፣ አውቶቡሱም፣ ጫት የጫነው አይሱዙም በነፃ እንደሚያጫውተው ነው። በነፃ የሚሰማ አልበም የሚሠራ ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ አልበም መሥራት ይተዋል፤ ነጠላ ዘፈን ለቆ ኮንሰርት ይጠብቃል።

አንድ የጭሮ ተጫዋች ከ2013 ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ አንድ አልበም እንዲመርጥልኝ ጠየቅኩት። ለ2013 ሳያስብ የመለሰው የሃጫሉ ሁንዴሳን «ማል መሊሳ» ነው፤ ዘፋኙ በተገደለ በዓመቱ፣ ሰኔ ላይ የወጣው። ግማሹ ዘፈን ለጭፈራ እንደማይሆን ያውቃል፤ ግን ከዳር እስከ ዳር አጥንቶታል።

ለ2014 የሮፍናንን «ስድስት» ሲመርጥ ገረመኝ። አንድም ቀን ሰርግ ላይ ተጫውቶት አያውቅም፤ ድምፁ ተደራርቦ ስለተሠራ በአንድ ኪቦርድ አይወጣልኝም ይላል። ሽልማት ያላመጣለትን፣ ሊጫወተው እንኳ የማይችለውን አልበም መረጠ ማለት ነው። እዚህ ላይ የኔ የኪስ ቲዎሪ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ ሙዚቀኛ ለራሱ የሚሰማውና ለእንጀራው የሚጫወተው ለካ ሁለት ነው። የሚዲያው ዝርዝር ሁለቱንም አይነግረንም።

ለ2015 አሊ ቢራ አለኝ። አዲስ አልበም ነው እኮ የጠየቅኩህ ስለው አልተስማማም። አሊ ጥቅምት 2015 ካረፈ በኋላ ሰርግ ላይ የድሮ ዘፈኖቹ ጥያቄ ስለበዛ ከዜሮ ጀምሮ አጠናቸው፤ ስለዚህ ለሱ አዲስ ናቸው። ደግሞም አሊ ያደገበት የድሬዳዋው አፍረን ቀሎ በ1950ዎቹ ሲጀምር ሰርግ ላይ ይጫወት የነበረ ቡድን ነው። ተከራክሬ አልረታሁትም።

የዘንድሮን ስጠይቀው ባዶውን ተወው። የሚጠየቅ ዘፈን ሞልቷል፤ ሰርግ በመጣ ቁጥር አራት አምስት አዲስ ያጠናል። ቁጭ ብሎ ከአንድ እስከ መጨረሻ ያጠናው አልበም ግን ዘንድሮ የለውም።