ከፍጥነቱ በፊት ስዊቹን እናንብብ
«ኔትወርክ ደከመ» በተባለ ቁጥር ጣታችን የሚቀሰረው ወደ ውጭው መስመር ነው፤ ጥፋቱ ግን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ በታጠፈ ኬብል ወይም በላላ የኬብል ጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል። እኔ የምለው፣ ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ እስከ ፋርጣና ላይ ጋይንት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ድረስ፣ ተጨማሪ ፍጥነት ከመግዛታችን በፊት እጃችን ላይ ያለውን፣ ኬብሎቹ የሚገናኙበትን ስዊች እናንብብ። ከርቀት የሚተዳደር ስዊች ተበላሽተው የደረሱትን የዳታ ፓኬቶች በየፖርቱ (በየኬብል መሰኪያው) ይቆጥራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚታወቀው ኤስኤንኤምፒ የተባለው የኔትወርክ መከታተያ ፕሮቶኮል ቁጥሩን ያስነብበናል። ቁጥሩን የሚሰበስቡልን ሊብሬኤንኤምኤስና ዛቢክስ የተባሉ ሶፍትዌሮች የፈቃድ ክፍያ የለባቸውም፤ ለጥቂት ስዊቾች መጋዘን የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃል። አጥብቄ የምናገረው ግን ይህን ነው፦ ጠቅላላ ድምሩ ያሳስታል። አሥር ሺህ ስህተት አምና የተጠራቀመ ሊሆን ይችላልና፣ መታየት ያለበት በየአምስት ደቂቃው ስንት እንደጨመረ ነው። በሐምሌ ዝናብ ከሕንፃ ሕንፃ የተዘረጋ የመዳብ ኬብል ውሃ ካስገባ፣ ሠራተኛው አቤት ከማለቱ በፊት የስህተቱ ቁጥር መጨመር ሊጀምር ይችላል። በኬብሉ አንዱ ጫፍ የሲአርሲ ስህተት (ዳታው ተበላሽቶ መድረሱን የሚያሳይ)፣ በሌላው የዘገየ ኮሊዥን (ዘግይቶ የታየ የዳታ ግጭት) ከታየ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሁለቱ ፖርቶች የዱፕሌክስ ቅንብር (በአንድ ጊዜ ወይም በየተራ የመላክና የመቀበል ምርጫ) አለመስማማት ነው፤ እሱን ለማስተካከል የግዢ ጥያቄ አያስፈልግም።